ማኅሌት በየትኛው ሀ

ማኅሌት ሣህሉ ቀናተኛ ናት። ራሷም ታውቀዋለች፤ ብቻ ሌላ ስም አውጥታለታለች። «እኔ ነገር ይገባኛል» ትላለች። ባሏ አካሉ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ መንገድ ዳር ላለች ሴት እጁን ካነሳ ነገር ይገባታል። ስልኩን አይቶ ፈገግ ካለም ነገር ይገባታል። በዐሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው ከገቧት ነገሮች አንዱም እውነት ሆኖ አልተገኘም፤ እሷ ግን ይህን ሁሉ «በጊዜ ስለደረስሁበት ነው» ብላ ታልፈዋለች።

ከቅናት ቀጥሎ የሚያንገበግባት ፊደል ነው። ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአራተኛ ክፍል አማርኛ ታስተምራለች። አባቷ መሪጌታ ሣህሉ ዘጌ ላይ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው። ስለዚህ ሃሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ እና ብዙኃኑን ኀ የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ለይታ ያወቀች ልጅ ናት። ሦስቱም ዛሬ በአፍ አንድ ስለሆኑ ሌላው ሰው እጁ የገባለትን ይጽፋል። ማኅሌት ግን አንድ ሱቅ ጸሎቱን ጸ በፀሐዩ ፀ ለውጦ «ፀሎት ንግድ ቤት» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ ብላ ስኳር የምትገዛበትን መንገድ የቀየረች ሴት ናት። ተማሪዎቿ «ዓለም»ን በአልፋው አ ከጻፉ ሃያ ጊዜ ይገለብጡታል። ከአርባ ዓመት በታች ያለ ሰው እንዲህ ሲያካብድ ደስ አይልም፤ እሷን ግን ያምርባታል።

ግቢያቸው ውስጥ አንድ ሰርቪስ ክፍል አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ሊድያ የምትባል ልጅ ተከራየችው፤ የሐዋሳ ልጅ ናት፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ባለሙያ ሆና ተቀጥራ የመጣች። ሀገሩን ስለማታውቅ ማኅሌት ናት ገበያውን ያሳየቻት፣ «ሄድኩ» ስትል «ሄድሁ በይ» እያለች የሳቀችባት። እሑድ እሑድ ሁለቱ ሐይቁ ዳር ወርደው ዓሣ ይበላሉ፤ ፀጉራቸውን ተራ በተራ ይሠራራሉ። ማኅሌት እህት የላትም። ለሰው ስትናገር «ተከራያችን» ብላት አታውቅም፣ «ሊድያዬ» ነው የምትለው።

ነገሩ የተበላሸው ካሜራው ሲመጣ ነው።

አካሉ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሠርግና ምረቃ ፎቶ ያነሳል። ለዓመታት በሰው ካሜራ ሲሠራ ኖሮ በመጨረሻ የራሱን አዲስ ዲጂታል ካሜራ ገዛ። አዲሱ ካሜራ ያየውን ሁሉ ያነሳል፤ አካሉም ያነሳል። በሁለት ወር ውስጥ ላፕቶፑ በፎቶ ታፈነ። ፎልደሮቹን «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «የእውነት የመጨረሻ» እያለ ነበር የሚሰይማቸው። አንድ ቀን የአንዷን ሙሽራ ፎቶ አሳጥቦ ለሌላዋ ሙሽራ ቤተሰብ አስረከበ። የሙሽራው እናት ፎቶውን አይተው «ይህቺ ማናት?» ብለው ልጃቸውን ሲያፋጥጡት ነው እንግዲህ አካሉ ፎቶ የሚያስተካክልና በሥርዓት መዝግቦ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር እንደሚያስፈልገው የገባው።

«ሊድያን ልጠይቃት?» አለ ለሚስቱ።

«ጠይቃት እንጂ፤ ሥራዋ አይደል» አለች ማኅሌት። ይህን ያለችው እሷ ናት፤ በኋላ ግን ረሳችው።

ሊድያ አንድ ምሽት የሚጨርሱት መስሏት ነበር። ከሥራ መልስ በረንዳው ላይ ወንበር አስጠግተው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሶፍትዌር ዝናው የናኘ ነው፤ ክፍያው ግን በየወሩ ሲሆን የሚከፈለውም በውጭ ሀገር ካርድ ነው። ያንን ተዉት። ሁለተኛውን አካሉ ከአንድ ሱቅ በፍላሽ አስገልብጦ አመጣው፤ ሲከፍቱት ከሶፍትዌሩ ጋር ቫይረስ ገባና ላፕቶፑ ሁለት ቀን ተኛ። ሦስተኛው በነጻ የሚገኝ ነው፤ ፎቶ ማስተካከሉን ይችልበታል፣ መመዝገቡ ላይ ግን ሰነፍ ነው። አራተኛ አመጡ፣ አምስተኛ አመጡ። አንድ ሳምንት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት ሆነ።

ማኅሌት መጀመሪያ ሻይ ታቀርብላቸው ነበር። ቀጥላ ቆሎ ማቅረብ ጀመረች፤ ቆሎ የያዘ ሰው ቶሎ ቶሎ ብቅ ማለት ይችላልና። በሦስተኛው ሳምንት ምንም ሳትይዝ ትወጣ ነበር።

«ይኼኛው ጥላውን አጠቆረው» ይላል አካሉ።

«ትንሽ ይቀንሱት፣ ጋሽ አካሉ። ተዉ፣ በዛ!» ትላለች ሊድያ።

ይስቃሉ። ጥላ አጠቆረ ተብሎ የሚሳቀው ምኑ ነው? ማኅሌት ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች ቃላቸውን አንድ በአንድ ትሰልቃለች። አንድ ማክሰኞ ደግሞ ሊድያ ረስታው ይሁን ተላምዳ፣ «አካሉ፣ እየው እየው፣ ተቀበለው!» አለች። ጋሹም ቀረ፣ አንቱታውም ቀረ። ማኅሌት ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍም ምግብም አልረጋላትም። ሊድያ በሃያ ስድስት ዓመቷ ወገቧን ይዛ ስትስቅ ማየት ጠላች። ባሏ የሚናገረውን የማታውቀውን ቋንቋ ሌላ ሴት ስትናገረው መስማት ጠላች።

«ምርጫው አላለቀም?» አለችው አካሉን።

«ገና ነው ማሂ። የምንፈልገውን አላገኘንም።»

«የምንፈልገውን» የሚለውን ቃል ይዛ ሁለት ቀን ከረመች።

ከዚያ ሐሙስ ጠዋት አካሉ ወደ ፋብሪካ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ፣ «በቃ፣ ተገኘ! ሁሉንም ትናንት ጨርሼ መዘገብሁት» አለ። እሱ የአዳማ ልጅ ነው፤ እንደ ባሕር ዳር ሰው «መዘገብሁት» የሚለው ሚስቱን ለማስደሰት ሲፈልግ ብቻ ነው። «እያንዳንዱ ፎቶ ላይ የሰዎቹን ስም ለጥፌአለሁ። እዚያች ሳጥን ውስጥ ስም ብትጽፊ የዚያ ሰው ፎቶ በሙሉ ይመጣል። ሞክሪው እስቲ።» ወጣ።

ማኅሌት ያን ቀን የምታስተምረው ከሰዓት ነበር። ላፕቶፑን ከፈተች። የፈተና ወረቀት ራሷ ስለምትጽፍ በአማርኛ ለመተየብ እጇ ፈጣን ነው። ሳጥኗ ውስጥ «ማኅሌት» ብላ ጻፈች።

ገጹ ነጭ ሆነ። ከሥሩ አንዲት ዜሮ።

ደገመችው፤ ቀስ ብላ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያየች። ማ፣ ኅ፣ ሌ፣ ት። ዜሮ። «አማኑኤል» ብላ ጻፈች፤ የአካሉ የሥራ ባልደረባ ነው፣ አብሮት ቢራ የሚጠጣ። ሠላሳ ሁለት። ለአማኑኤል ሆድ ሠላሳ ሁለት ፎቶ! ከዚያ ጣቷ እየከበዳት «ሊድያ» አለች።

ሁለት መቶ ዐሥራ አራት።

ሊድያ እየሳቀች። ሊድያ ጀልባ ላይ። ሊድያ ነጠላዋ በነፋስ ተነሥቶ፣ ሊድያ ዓሣ በእጇ፣ ሊድያ ልብስ ስታሰጣ። ማኅሌት የሊድያን ጥርስ ስታይ፣ የሊድያን አንገት ስታይ፣ ዓይኗ ሌላ ነገር ማየት አልቻለም። ሦስት ገጽ ወርዳ ክዳኑን ጠረቀመችው። ዐሥራ አንድ ዓመት አብራው የኖረች ሴት በባሏ መዝገብ ውስጥ የለችም። ከዚያ በላይ መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ነገር ገብቷታል። ወይ ይህቺ ልጅ ከዚህ ግቢ ትወጣለች፣ ወይ እኔ እወጣለሁ አለች። የምትወጣው ደግሞ እሷ እንዳልሆነች ታውቃለች።

አካሉን አልጠየቀችውም። ቀናተኛ ሰው የሚጠይቀው መልሱን ሲያጣው ነው።

ሊድያ ከሥራ እንደተመለሰች ክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «ሊድያ፣ አባቴ ከዘጌ መጥተው እኛ ጋ ሊኖሩ ነው። ክፍሉን እንፈልገዋለን» አለቻት። ሊድያዬ አላለቻትም።

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«ቅዳሜ።»

ሁለት ቀን ማለት ነው። ሊድያ የቁልፍ መያዣዋን ጣቷ ላይ አንዴ አዞረችና፣ «እሺ፣ እትዬ» አለች። ለምን አላለችም፣ ቀን ጨምሪልኝ አላለችም። ማኅሌት ይህንንም ወሰደችው፤ ንጹሕ ብትሆን ኖሮ ትጮህ ነበር አለች በልቧ። ብትጮህ ኖሮ ደግሞ ነገር ስላለባት ነው የጮኸችው ትል ነበር፤ የማኅሌት አመል ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሊድያ ፍራሿን ባጃጅ አናት ላይ አሳስራ ሄደች። አካሉ ፎቶ ሊያነሳ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ የተከፈተውን ባዶ ክፍል አይቶ፣ «ምነው? ወዴት ሄደች?» አለ።

«ለሥራዋ የሚቀርባት ቤት አግኝታ።»

«ሳትሰናበተኝ?» አለ አካሉ። ቅር ብሎት ወደ ውስጥ ገባ። ያ ቅሬታው ለማኅሌት ሌላ ማስረጃ ሆነላት። ማሸነፏ ግን ደስ አላሰኛትም። እሑድ ብቻዋን ሐይቁ ዳር ወርዳ ዓሣ አዘዘች፤ ግማሹን ትታው ተነሣች።

በሳምንቱ መሪጌታ ሣህሉ በጠዋቱ ጀልባ መጡ። የመጡት ለመነጽር ነው፤ ዓይናቸው ደክሞ ድጓው ላይ ያለውን የዜማ ምልክት መለየት አስቸግሯቸው ነበር። መነጽሩን ተቀብለው፣ አፍንጫቸው ላይ ሰክተው፣ ከተማውን ሁሉ እንደ አዲስ እያነበቡ ነው ወደ ልጃቸው ቤት የደረሱት። ምሳ ከተበላ በኋላ ወደ አካሉ ዞር አሉ።

«በዓመት በዓሉ ዘጌ መጥታችሁ ከልጄ ጋር ያነሳኸን ፎቶ ነበር። አውጣልኝ እስቲ፤ ቤቴ እሰቅለዋለሁ።»

«አሁኑኑ፣ መሪጌታ» አለ አካሉ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተ።

ማኅሌት ሳህኑን ይዛ በሩ ላይ ቀረች። አሁን ይፈልጋል፣ ያጣኛል፣ በአባቴ ፊት ይዋረዳል አለች። በቁጣዋ ውስጥ ትንሽ ደስታ ነበረባት፤ መደበቅ አያስፈልግም። አካሉ እያፏጨ ስሟን ጻፈ።

ገጹ በፎቶ ሞላ። ከሥሩ ያለው ቁጥር አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድሳ ሦስት ይላል።

ማኅሌት እጇ ላይ ጠመኔ እንዳለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ። ማኅሌት ጀልባ ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ እንቅልፍ ወስዷት። ማኅሌት የተማሪ ደብተር እያረመች፣ ግንባሯን ቋጥራ። ሽንኩርት እየላጠች፣ እየተቆጣች፣ እጇን ወደ ካሜራው ዘርግታ «ተው!» እያለች። ሐይቁ ዳርም አለች፤ ዓሣ ከያዘችው ከሊድያ ጎን፣ ሊድያ ወደ እሷ ዞራ የምትስቅበት። ያንን ፎቶ ታውቀዋለች። ሐሙስ ዕለት አይታዋለች። ልብስ የሚሰጣበት ፎቶ ላይ የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዘችው እሷ ናት። ነጠላው በነፋስ የተነሣበትም ላይ ነጠላውን የምትይዘው እሷ ናት። ሐሙስ ዕለት ያላየችው ራሷን ነበር።

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

መሪጌታ ሣህሉ አዲሱን መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ያዩት ፎቶውን አይደለም፤ ሳጥኗ ውስጥ የተጻፈውን ነው። «ማህሌት» ይላል።

«ይህን ማን ጻፈው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለ አካሉ።

«ልጄን በሃሌታው ሀ ጻፍሃት?»

አካሉ አፍሮ ሳቀ። «ኪቦርዱ ላይ ቶሎ የሚመጣልኝ እሱ ነው፣ መሪጌታ። ያው ሀ አይደል?»

ማኅሌት ያመቀችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። «ያው ሀ? ስሜ በብዙኃኑ ኀ ነው! በብዙኃኑ! ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚስትህን ስም መጻፍ አታውቅም?» ድምፅዋ ተሰበረ። አካሉ ደነገጠ፤ ሴትዮዋ ስለ አንዲት ፊደል ስታለቅስ አይቶ አያውቅም፤ ብትቆጣ እንጂ።

መሪጌታ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። «በብዙኃኑም አይደለም» አሉ በቀስታ።

«ምን አሉ አባባ?»

«በሐመሩ ሐ ነው። ሐለየ በሐመሩ ሲሆን ዘመረ፣ አዜመ ማለት ነው፤ ስምሽ ከዚያ ነው የሚወጣ። በብዙኃኑ ኀለየ ካልሽ ግን አሰበ፣ አወጣ አወረደ ማለት ነው። እኔ ክርስትና የተነሣሽ ዕለት በሐመሩ አድርጌ ነው የጻፍሁት። በብዙኃኑ ያደረገው ትምህርት ቤት የመዘገበሽ ሰውዬ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብዙው ሰው እንደዚያው ይጽፈዋል፤ መጽሐፍም ላይ አይቸዋለሁ። ደግሞስ አንቺን በፊደል ለማረም ማን ይደፍራል?» አሉና በነጭ ጢማቸው ውስጥ ሳቁ።

አካሉ ደስ አለው፤ ሁለቱም መሳሳታቸው አቀራረባቸው። «በቃ፣ በሦስቱም ሀ እለጥፍልሻለሁ» አለ፤ ወዲያውም መጻፍ ጀመረ። ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

«ያቺ ደግ ልጅስ የታለች? ሊድያ» አሉ መሪጌታ ፎቶው ላይ አይተዋት።

ማኅሌት አባቷን አየች፣ ባሏን አየች። «ለሥራዋ የሚቀርባት ቤት አግኝታ ወጣች» አለች፤ አባቷን ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነው።

መሪጌታ ፎቷቸውን አሳጥበው በከሰዓቱ ጀልባ ተመለሱ። እንዲያድሩ ብትለምናቸው፣ «ደቀ መዛሙርቱን ለማን ትቼ?» አሏት። የባሕር ዳር ክፍል አስበውም አያውቁ።

በማግስቱ ማኅሌት አባቷ ያመጡላትን ሎሚ በፌስታል ይዛ ሊድያን ፍለጋ ሄደች። አዲሱ ቤት አባይ ማዶ ነው፤ ከኮሌጁ ራቅ ይላል እንጂ አይቀርብም። ጠባብ ክፍል ናት፣ ግድግዳዋ ገና ያልደረቀ። ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ሊድያ በር ላይ ስታያት ተነሥታ ብቸኛዋን ወንበር ሰጠቻት።

«አባትሽ ገቡ?» አለች።

«አልገቡም። ሊገቡም አልነበረም፤ ዋሽቼሽ ነው።» ማኅሌት አልተቀመጠችም። «ቀናሁብሽ፣ ሊድያ። በአካሉ ቀናሁብሽ። ኮምፒውተሩ ላይ ስሜን ብፈልግ ዜሮ አለኝ፤ ያንቺን ብጽፍ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት። አበድሁ። ለካ እሱ ስሜን በሌላ ሀ ጽፎት ኖሯል።»

ሊድያ ሳቅ ጀማምሯት ነበር፤ መንገድ ላይ ቀረባት። ፍራሿ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷን አቀፈች።

«እትዬ፣ ሦስት ሳምንት ለምን እንደፈጀብን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«የመጀመሪያው ነጻ ሶፍትዌር ይበቃው ነበር። ሰነፍ የሆነው በአማርኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ቢመዘግብ በዚያው ቀን ያልቅለት ነበር፤ እኔም ነግሬዋለሁ። እሱ ግን አይሆንም አለ። አንዱ አማርኛ ስንጽፍበት ሳጥን ሳጥን ያደርገዋል፣ ሌላው ይቀበልና ሲፈልጉት አያገኘውም። አንድ ቀን ተቀበለው ብዬ ስጮህ ሰምተሽኝ ከሆነ፣ ፊደሉን ተቀበለልን ብዬ ነው። ለምንድነው እንዲህ የምትደርቀው ስለው ‹ማሂ በእንግሊዝኛ አትፈልግም። እኔ ሳልኖር ራሷ ከፍታ፣ ስሟን በፊደል ጽፋ እንድታገኘው ነው› ይለኛል። አንቺ እንድታገኚው ነበር የለፋነው፣ እትዬ።»

ማኅሌት ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፌስታሉ ጭኗ ላይ ነው። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ደጅ ቧንቧው ላይ ሴቶች በጀሪካን ተራ ይጣላሉ።

«ተመለሽ» አለች ማኅሌት። «ክፍልሽ ባዶ ነው። ማንም አልገባበትም። ዛሬ ተመለሽ፣ ሊድያዬ።»

«አልመለስም።»

«ተቀይመሽኝ ነው።»

«ተቀይሜሽ ነበር፤ አሁን ስትነግሪኝ ቀለለኝ። ግን አልመለስም።» ሊድያ ሎሚውን ከጭኗ ላይ ተቀበለቻትና ጥግ ላይ አስቀመጠችው። «እዚያ ግቢ ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር፣ ጋሽ አካሉ ሰላም ባለኝ ቁጥር ታዪኛለሽ። እያየሽኝ መሆኑንም አውቀዋለሁ።»

ማኅሌት «አላይሽም» ልትል አፏን ከፈተች። በዚያ ሰሞን ሦስት ጊዜ ዋሽታ ነበርና አራተኛውን ውሸት ሳትናገር ዘጋችው።